አስታማሚዋን ማን ጠየቃት?



ባለፈው ዓመት የመጀመሪያው ሴሚስተር ሊጋመስ ሲል አንድ ወንድማችን ከመግሪብ ሶላት በኋላ ጠራንና "ዊዝድሮዋል ልሞላ ነው" አለን። የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነው። ውጤቱ ጥሩ ነው። ገንዘብ ቸግሮት ነው እንዳንል ሪያድ ያለች እህቱ ትልክለታለች። ምክንያቱን ስንጠይቀው አንገቱን ደፍቶ "እናታችን አልጋ ላይ ከዋለች አራት ዓመት ሊሞላት ነው። የምታስታምማት ታላቅ እህቴ ናት። አሁን እሷም ልትወድቅብኝ ነው" አለ።

ይህን የምንጽፈው ሰባት ሆነን ነው፤ አራት እህቶችና ሦስት ወንድሞች። ሁለታችን ነርሲንግ፣ የቀረነው ሕግ፣ አካውንቲንግና ምሕንድስና እናጠናለን። የቤተሰቡን ስም አንጠቅስም። ታሪኩን እንድንጽፈው ግን እህቱ ራሷ ፈቅዳልናለች። "ጻፉት፤ እንደኔ ያለች ሌላም አትጠፋም" ነው ያለችን።

ቤታቸው አርዲቦ ሐይቅ አጠገብ ነው። ከደሴ ተነስቶ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ ሐይቅ ከተማ ይደረሳል። ከዚያ ደግሞ በባጃጅ ወደ አርዲቦ ይወጣል። ሐይቅ ሲባል የብዙዎቻችን ሐሳብ የሚሄደው ከከተማዋ አጠገብ ወዳለው ወደ ትልቁ ነው። አርዲቦ ከእሱ ያንሳል፤ ከፍ ብሎ በተራራ መካከል ተቀምጧል። ሞልቶ ሲተርፈው ወደ ትልቁ ሐይቅ ይወርዳል። ከቤታቸው ደጃፍ ውሃው ወለል ብሎ ይታያል። ይህን የምናነሳው በኋላ ስለምንመለስበት ነው።

መጀመሪያ የሄድነው እንደ ልማዳችን ለዚያራ ነበር። ብር አዋጣን። ብርቱካን፣ ተምርና ጭማቂ ገዛን። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ከወንድማችን ጋር ስምንት ሆነን ደረስን። እህታችን ተቀበለችን፤ ምንጣፍ አነጠፈች። እናታቸው አልጋቸው ላይ ናቸው። ግፊት ጥሏቸው ግራ ጎናቸው አይታዘዝም፤ አንደበታቸውም ተይዟል፤ ሰው ግን ይለያሉ። ቀኝ እጃቸውን ወንድማችን ሲስም ዓይናቸው እንባ ሞላ። ዙሪያቸውን ተቀምጠን ዱዓ አደረግን። ከእኛ አንዱ ቁርኣን ቀራ። ሁላችንም አሚን አልን።

በዚህ መካከል እህታችን ቡና ትቆላለች። ከቡናው ሦስት ጊዜ ተነስታ ወደ አልጋው ሄደች፤ አንዴ ለማገላበጥ፣ አንዴ ጨርቅ ለመቀየር፣ አንዴ ውሃ በማንኪያ ለማጠጣት። ከዚያ ምሳ ቀረበ። ከሐይቁ የወጣ ቆሮሶ ተጠብሶ፣ እንጀራው ትኩስ ነበር። በላን፣ ጠጣን፣ መረቅን። "አላህ ያሽራቸው፤ አንቺም ሰብር አድርጊ፤ አጅርሽ ትልቅ ነው" ብለን ተነሳን።

በሩ ላይ ከእህቶቻችን አንዷን ሳብ አድርጋ በቀስታ እንዲህ አለቻት፦ "መምጣታችሁን ወድጄዋለሁ፤ አላህ ይውደዳችሁ። ግን እውነቱን ልንገርሽ። እናንተ ትመጣላችሁ ብዬ ሌሊቱን ቤት ስጠርግና ሊጥ ሳቦካ አደርኩ። እናቴን የሚጠይቅ ሰው አላጣሁም። 'እኔ ልቀመጥ፣ አንቺ ተኚ' የሚለኝ ነው ያጣሁት።"

ወደ ደሴ ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ዝም ዝም ሆንን። ዚያራ ሄደን ሱና ፈጸምን ብለን ነበር። ለካ አንዲት ያልተኛች ሴት ለስምንት ሰው ምሳ ሠርታ፣ ቡና አፍልታ፣ ሳህን ልታጥብ ትተናት ነው የመጣነው።

በዚያ ሳምንት ነርሲንግ የሚማሩት ሁለቱ እህቶቻችን የማስታመም ሥራ በእርግጥ ምን እንደሆነ አስረዱን። ራሱን ማገላበጥ የማይችል ሕመምተኛ በየሁለት ሰዓቱ ጎኑን መቀየር አለበት። አለበለዚያ አጥንቱ የሚጫነው ቦታ ይቆስላል፤ የአልጋ ቁስል የሚባለው ነው፤ ከተፈጠረ ለመዳን ያስቸግራል። ምግብና ውሃ የሚሰጠው ቀና አድርጎ በትንሽ በትንሹ ነው፤ ተኝቶ ከተሰጠው ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ሽንትና ሰገራ ቶሎ ካልተጠረገ ቆዳው ይላጣል። ሰውነቱን የማያዝ ሰው ሲነሳ ሁለት ሰው ቢሆን ይመረጣል፤ የደከመውን ክንድ መጎተት ደግሞ ትከሻውን ይጎዳዋል።

እንግዲህ አስቡት። በየሁለት ሰዓቱ ማለት በቀንና በሌሊት 12 ጊዜ ነው። እህታችን ይህን ብቻዋን ስታደርግ ከ1,300 ሌሊት በላይ አልፏል። በዚህ ሁሉ ሌሊት ከሁለት ሰዓት በላይ በተከታታይ ተኝታ አታውቅም ማለት ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ አካባቢያችን ሲደርስ ጎረቤቱ እየተነሳ ሲሄድ እሷ አልሄደችም። እናቷን ማን ይሸከማል? በሩን ዘግታ አልጋው ሥር ተቀመጠች። ይህን የነገረችን እንደ ጀግንነት አልነበረም፤ "ምን ምርጫ ነበረኝ?" ብላ ነው።

ቤተሰቡ ክፉ ሆኖ አይደለም። አባታቸው በሕይወት የሉም። መካከለኛዋ እህት ሪያድ የሰው ቤት ትሠራለች። ሥራዋም ምን መሰላችሁ? አንዲት አሮጊት ማንሳት፣ ማጠብ፣ ማጉረስ ነው። የራሷን እናት የሚያጥብ እጅ የሰው እናት ያጥባል፤ የሚመለሰው ብሩ ብቻ ነው። በወሎ ገጠር ይህ ያልገጠመው ቤት ጥቂት ነው። ትንሹ ወንድማቸው ዩኒቨርሲቲ ገባ። አንዷ ለብር፣ አንዱ ለትምህርት፣ አንዷ ለአልጋው ተመደቡ ማለት ነው። አልጋው የደረሳት ትምህርቷን ከአሥረኛ ክፍል አቋርጣለች። "አንቺስ?" ያላት አልነበረም።

ሁለተኛ ስንሄድ ምግብ ሠርተን፣ ሰሃኑንም ይዘን ሄድን። እህቶቻችን አብረዋት እናቷን ሲያጥቡ፣ ማንም በሌለበት፣ ለዓመታት በልቧ የያዘችውን ነገር አወጣች። አንድ ሌሊት እናቷ ለአራተኛ ጊዜ ሲቀሰቅሷት "ኡፍ! አሁንስ በዛ!" ብላ ጮኻለች። እናቷ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ መለሱ። ከዚያ ሌሊት ጀምሮ "አላህ ለወላጅ ኡፍ እንኳ አትበሉ ብሏል። እኔ ብያለሁ። የደከምኩበት ሁሉ በአንድ ቃል ጠፋ" እያለች ነው የምትኖረው። ሶላት ላይ ስትቆም እንኳ ያ ሌሊት ይመጣባታል።

እኛ መልስ አልነበረንም። ተመልሰን አንድ ኡስታዝ ጠየቅን። እሳቸው ሱረቱል ኢስራእን ከፈቱና "የምታውቁት አያ 23ኛው ነው፤ እስከ 25ኛው አንብቡ" አሉን። በ23ኛው አያ አላህ (ሱ.ወ.) እሱን ብቻ ከመገዛት አስከትሎ ለወላጅ በጎ መዋልን ያዝዛል፤ ባረጁ ጊዜም ኡፍ እንዳይባሉ ይከለክላል። ሁለት አያ ቆይቶ ደግሞ ጌታችሁ በነፍሳችሁ ውስጥ ያለውን ያውቃል፣ መልካሞች ከሆናችሁ ወደ እሱ ለሚመለሱት መሓሪ ነው የሚል መልእክት ይከተላል። ከሙፈሲሮች መካከል ይህን ክፉ ሳያስብ ከአንደበቱ ለወላጁ ስላመለጠው ልጅ የተነገረ ነው ያሉ እንዳሉ አስረዱን። ክልከላውም ምሕረቱም በአንድ ቦታ ነው የወረደው። ኡስታዙ ቀጥለው አንድ ጥያቄ ጠየቁን፦ "እሷ ኡፍ ያለችው አንድ ቀን ነው። እናንተ፣ ዘመድና ጎረቤት፣ ኡፍ እስክትል ድረስ የት ነበራችሁ?"

መልእክቱን በስልክ አላደረስንላትም፤ ሄደን ነገርናት። ብዙ አለቀሰች። ከዚያ ተነስታ እናቷን ይቅርታ ጠየቀች። እናቲቱ በደህናው እጃቸው ራሷን ዳበሱ።

ውድ እህቶችና ወንድሞች፣ "ሰብር አድርጊ" ማለት ቀላል ነው። ሰብር ግን ሌላው እጁን አጣጥፎ እንዲያይ ፈቃድ አይደለም። ሰልማን (ረ.ዐ.) ወንድማቸውን አቡ ደርዳእን (ረ.ዐ.) ሊዘይሩ በሄዱ ጊዜ ያዩትን ታስታውሳላችሁ። አቡ ደርዳእ ቀን ይጾማሉ፣ ሌሊት ይቆማሉ፤ ባለቤታቸው ተጎሳቁለዋል። ሰልማን አብረዋቸው አደሩ፤ ለሌሊት ሶላት ሲነሱም እንዲተኙ አደረጓቸው። ጌታህ ሐቅ አለው፣ ነፍስህም ሐቅ አላት፣ ቤተሰብህም ሐቅ አለው፣ ለሁሉም ሐቁን ስጥ የሚል ምክር ሰጧቸው። ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ.) የሰልማንን ንግግር እውነት ነው ብለው አጸኑት። ዒባዳ እንኳ የነፍስን ሐቅ ካልዋጠ፣ ማስታመም እንዴት ይውጠዋል? እንቅልፍ ለአስታማሚዋ ቅንጦት አይደለም፤ ሐቋ ነው። ደግሞም ልብ በሉ፤ አቡ ደርዳእ ራሳቸው አላረፉም፤ ያሳረፋቸው ወንድማቸው ነው፤ ቤታቸው ሄዶ፣ አድሮ።

ሌላም አለ። ማስታመም የሴት ሥራ ነው የሚለውን አስተሳሰብ እኛም ከቤታችን ይዘነው መጥተናል። በበድር ጊዜ ዑስማን (ረ.ዐ.) ባለቤታቸው ሩቀያ (ረ.ዐ.)፣ የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ልጅ፣ በጠና ታመው ነበር። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ዑስማንን እንዲያስታምሙ መዲና አስቀሯቸው። በድር ላይ እንደተገኘ ሰው አጅሩም የምርኮው ድርሻም እንዳላቸው ነገሯቸው። ያስታመመው ወንድ ነው፤ የተቆጠረለትም እንደ በድር ነው።

ታዲያ ምን አደረግን? ነገሩ ትንሽ ነው። ቅዳሜ ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ አስር ሰዓት፣ ሦስት ሦስት ሆነን በተራ መሄድ። ገላ ማጠብና ልብስ መቀየር የእህቶች ነው። ውሃ መቅዳት፣ እንጨት መፍለጥ፣ ጓሮ መኮትኮት፣ ልብስ ማጠብ የወንድሞች። ምሳ እኛው ይዘን እንሄዳለን። ቡና ክልክል ነው፤ ቢያንስ እሷ እንድታፈላ አንፈቅድም።

መጀመሪያ ቅዳሜ አልሠራም። "ሂጂ፣ ተኚ" አልናት። ጎረቤት ቤት ገብታ በየሩብ ሰዓቱ ብቅ እያለች "ውሃውን ቀና አድርጋችሁ ነው የምትሰጧት? ያንን ትራስ ከጉልበቷ መሐል አድርጉት" ትለናለች። አራት ዓመት ብቻውን የተሸከመ ሰው ሸክሙን በአንድ ቀን ለማያውቀው ሰው አይሰጥም። አልተቀየምንም። እየጠየቅናት እሷ እንደምታደርገው ማድረግ ተማርን። ነርሲንግ የተማሩትም ከእሷ ተማሩ።

በሁለተኛው ቅዳሜ ተኛች። ከዙህር በፊት ጎረቤት ቤት ምንጣፍ ላይ ጋደም እንዳለች ዐስር ሊደርስ ሲል ቀሰቀስናት። ደንግጣ ተነስታ "ምን ሆነች?" አለች። "ደህና ናቸው፤ ተኝተዋል" ስንላት ለትንሽ ጊዜ ዝም ብላ ተቀመጠች። በሦስተኛው ቅዳሜ ወደ ሐይቁ ወረደች። በየቀኑ ከደጃፏ የምታየው ውሃ ነው። ዳሩን ከረገጠች ሦስት ክረምት አልፎ ነበር። እግሯን ታጥባ፣ ዳሩ ላይ ተቀምጣ ተመለሰች። በአራተኛው ሳምንት ሴቶች ተሰብስበው ዱዓ የሚያደርጉበት ዱበርቲ ሄደች። "ሁሉም እኔን ሊያቅፉ ሲነሱ የሞትኩና የተመለስኩ መሰለኝ" አለችን።

አሁን ጥፋታችንን እንናገር። የመጨረሻ ፈተና ደረሰ። ሁለት ቅዳሜ ተከታትለን ቀረን። መደወል እንኳ አልደወልንም፤ ሁላችንም "ሌላው ይነግራታል" አልን። ከዚያ በፊት ከእህቶቻችን አንዷ የደም ግፊቷን ለክታት ከፍ ብሎ ስለተገኘ ሐኪም ዘንድ እንድትታይ መክረናት፣ ቀጠሮዋን በእኛ ቅዳሜ አድርጋው ነበር። ጸጉሯን ተሠርታ፣ ልብሷን አጥባ፣ ከጠዋት ጀምሮ መንገድ መንገድ ስታይ ዋለች። ቀጠሮው አለፈ። ስንደውልላት "ፈተና ላይ ናችሁ ብዬ ነው፤ ምንም አይደል" አለች። ባትወቅሰንም ተወቅሰናል። ፋታ ማለት የሚታመን ቀን ማለት ነው። ቃል ያልተገባለት ሰው ጉልበቱን አብቃቅቶ ይኖራል፤ ቃል የተገባለት ግን ጉልበቱን እስከዚያ ቀን ድረስ ይቆጥራል። እኛ ስንቀር የቀረባት ስድስት ሰዓት ብቻ አልነበረም።

ያኔ ነው ተማሪ ብቻውን እንደማይችለው የገባን። ፈተና አለን፣ እረፍት አለን፣ ምረቃ አለን። እሷ ግን የእረፍት ጊዜ የላትም። ስለዚህ ወደ መንደሩ ቂሬ ሄድን።

ወሎ ላይ ቂሬ ምን እንደሆነ ለእናንተ አንነግርም። ሰው ሲሞት ማንም ሳይጠራው ይመጣል። የሚቆፍረው ይቆፍራል፣ የሚገንዘው ይገንዛል፤ ለቤተሰቡ ምግብ ይመጣል፤ ሐዘንተኛ እሳት አያነድም። ጀናዛ ፈርደል ኪፋያ መሆኑን ተረድተን እንዲህ ያማረ ሥርዓት ሠርተናል። የቂሬውን ሰብሳቢ ያልናቸው ይህን ነው፦ "እናቲቱ ቢሞቱ፣ አላህ ዕድሜያቸውን ያርዝመው፣ መንደሩ ሁሉ ሦስት ቀን እዚህ ቤት ይውላል። አሁን በሕይወት እያሉ ከሳምንት ግማሽ ቀን የሚውል ሰው እንዴት ይጠፋል?"

መጀመሪያ "ቂሬ ለሞት ነው፤ ለሕመም ቤተሰብ አለ" አሉን። ትንሽ ቆይተው ግን ወደ ውሃው እያዩ "አርዲቦም ቢሆን ሞልቶ ሲተርፈው ነው ለታላቁ የሚሰጠው። ይቺ ልጅ ደርቃለች" አሉ። በሚቀጥለው ስብሰባ ጉዳዩ ቀረበ። ሴቶቹ ተነጋግረው ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት ቤት ለቤት በተራ ያዙት። ወንዶቹ ማሳዋን በጅጌ አርሰው ዘሩላት። አዲስ ማኅበር አላቋቋሙም፤ የነበረውን ሥርዓት ነው ከሞት ቀን ወደ ሕይወት ቀን የሳቡት።

ይህ ጉዳይ የአንድ ቤት ጉዳይ አይደለም። ሕግ የሚማረው ወንድማችን በ2011 ዓ.ም. የወጣውን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሳይቶናል። ሠራተኛ ሲያገባ ወይም የቅርብ ዘመዱ ሲሞትበት ሦስት የሥራ ቀን ከደመወዝ ጋር ያገኛል። ለልዩና ከባድ ሁኔታ ያለ ደመወዝ እስከ አምስት ተከታታይ ቀን ይፈቀዳል። ለወራት ለሚያስታምም ሰው የሚበቃ ነገር ግን የለውም። ሕጉም እንደ ቂሬያችን ቀን የቆረጠው ለሞት ነው። የገጠሯ እህታችን ደግሞ ያም አይደርሳት፤ አሠሪዋ አልጋው ነውና። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችንና አረጋውያንን እንደሚረዳ ይላል። እነሱን ቀንና ሌሊት ስለያዘው እጅ ግን አይናገርም።

በአገራችን መንገዱን የጀመሩ አሉ። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ላይ ኒያ ፋውንዴሽንን መሥርተው ጆይ የኦቲዝም ማእከልን ከፈቱ። በ2013 ዓ.ም. ሕይወታቸው ቢያልፍም የሠሩት ቀርቷል። እንዲህ ያለ ማእከል ልጁን ያስተምራል። ነገር ግን ልጁ እዚያ በሚውልባቸው ሰዓታት እናቱም ትተነፍሳለች፤ ትሠራለች፣ ትተኛለች። ሆስፒስ ኢትዮጵያም በአዲስ አበባ በጽኑ የታመሙትን ቤታቸው ድረስ እየሄደ ይንከባከባል። በሌላው ዓለም አንዳንዱ ይህን ሕግ አድርጎታል። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1995 የጀመረችው የእንክብካቤ መድን፣ ቤተሰቡን የሚያስታምም ሰው ሲታመም ወይም እረፍት ሲወጣ የሚተካውን ሰው ወጪ ይሸፍናል። እንግሊዝ በ2014 (እ.ኤ.አ.) ባወጣችው ሕግ አስታማሚው የራሱ ፍላጎት እንዲጠና መብት ሰጥታለች። እነሱ በመድንና በሕግ የደረሱበትን እኛ በቂሬና በጀመዓ ልንጀምረው እንችላለን። ሐቁን የተማርነው ከእነሱ በፊት ነውና።

ወንድማችን ዊዝድሮዋሉን አልሞላም። ዘንድሮ አራተኛ ዓመት ነው። እሱም ተራ አለው፤ በወር ሁለት ቅዳሜ የእሱ ነው። እናቱን ማገላበጥ፣ ማጉረስ፣ ምላሳቸውን በለስላሳ ጨርቅ ማጽዳት ተምሯል። "ለእህቴ የማስብላት መስሎኝ ነበር። ሳስብላት ነበር እንጂ ሳግዛት አልነበረም" ይላል። እህታችን ሐኪም ዘንድ ታየች፤ የግፊት መድኃኒት ጀምራለች። እናቲቱ አሁንም አልጋ ላይ ናቸው። ሌሊቱም አሁንም የእሷ ነው፤ ሌሊቱን የሚረከባት ሰው ገና አላገኘንም። ነገሩ አልቋል አንልም።

ከዚህ በኋላ ከጀመዓችን የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው።

አንደኛ፣ ሕመምተኛ ልትጠይቁ ስትሄዱ አስታማሚውን ለብቻ ጠይቁ። "ሕመምተኛው እንዴት አደሩ?" ካላችሁ በኋላ "አንተስ ስንት ሰዓት ተኛህ? አንቺስ?" በሉ። ምግቡን ሠርታችሁ ሂዱ፤ ዕቃውን አጥባችሁ ውጡ። ቁጭ ብላችሁ ከምታሳልፉት ጊዜ ግማሹን ለእሷ እንቅልፍ ስጡ።

ሁለተኛ፣ በተራ መዝገቡ ላይ ስማችሁን አስፍሩ። ዘንድሮ ከአርዲቦው ሌላ ሁለት ቤት ተጨምሯል፤ ሁለቱም ደሴ ውስጥ ናቸው። የምትችሉትን ብቻ ጻፉ። በወር አንድ ቀን ከሆነ አንድ ቀን ጻፉ። የጻፋችሁትን ቀን ግን ጠብቁ። መቅረት ግድ ከሆነ እስከ ሐሙስ ማታ ደውላችሁ ተተኪ አስይዙ። ሳይደወል የቀረ ቅዳሜ ምን እንደሚያደርግ ከእኛ ተማሩ። ለሚጀምሩ ሁሉ ነርሲንግ የሚማሩት እህቶቻችን አነሳሱን፣ አመጋገቡንና የጎን መቀየሩን ያሳያሉ። በየቀበሌው ያሉ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችንም ጠይቁ።

ሦስተኛው ለእናንተ ነው፤ ቤታችሁ እንዲህ ያለ አልጋ ላለ። ከመካከላችን እንዳላችሁ እናውቃለን። ቅዳሜና እሁድ ዶርም የማትገኙት፣ ስልካችሁ ሲጮህ ከክላስ የምትወጡት፣ "ቤት ትንሽ ነገር አለ" የምትሉት። ወንድማችን ሦስት ዓመት ሙሉ ከጎናችን ሲሰግድ አልነገረንም። ነውር መሰለው፤ የእናቱን ገመና ማውጣት መሰለው። እኛም አልጠየቅነውም። ንገሩን። ገመናችሁን አናወጣም። አሚርና ጸሐፊ ፊት መቅረብ አያስፈልግም፤ ለምታምኑት ለአንዳችን ብቻ በሉት።

አላህ (ሱ.ወ.) የታመሙብንን ሁሉ ያሽር፤ የሚያስታምሙትን ያሳርፍ፤ እኛንም ለእረፍታቸው ሰበብ ያድርገን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።